ጀማሪው ፊልሙን የት ያስመርቅ? በአዳራሽ ወይስ በኦንላይን

የ12 ደቂቃ ፊልም ሠርቶ የጨረሰ አንድ ወጣት እናስብ። ካሜራውን ከጓደኛው ተውሷል። ተዋናዮቹ የሰፈር ልጆችና አክስቱ ናቸው። ኤዲቱን መብራት ባለበት ሰዓት ሌሊት ሌሊት በላፕቶፕ ሠርቶታል። ቀረጻውንም ኤዲቱንም የሚያስተምረው ሰው አላጣም፤ "አሁን ለማን ላሳየው?" ሲል ግን መልስ የሚሰጠው የለም። ኢንተርኔት ሲከፍት ብዙ ፌስቲቫሎች "ፊልምህን ላክልን" ይሉታል። ገሚሶቹ አዳራሽ አላቸው፣ ገሚሶቹ ያላቸው ድረ ገጽ ብቻ ነው። ሁለቱም ፌስቲቫል ይባላሉ፤ ለጀማሪው የሚሰጡት ነገር ግን በጣም ይለያያል።

አስቀድመን አንድ መምታታት እናጥራ። "ኦንላይን" የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ይሸፍናል። አንደኛው ፊልሙን መላክ ነው። ዊዝአውታቦክስ የተባለው ድረ ገጽ በ2000 ሥራ ሲጀምር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ፊልም ሠሪዎች አንድ ጊዜ ቅጽ ሞልተው ለብዙ ፌስቲቫሎች ማመልከት ቻሉ። እሱ በ2019 ሲዘጋ በ2014 የመጣው ፊልምፍሪዌይ ገበያውን ቀድሞ ይዞት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ በሙሉ በአዳራሽ የሚካሄድ ፌስቲቫልም ፊልሙን የሚቀበለው ባብዛኛው በሊንክ ነው። ሁለተኛው ዳኝነቱ ነው፤ መራጮቹ በየቤታቸው አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ሦስተኛው ፊልሙን ለተመልካች ማሳየቱ ነው። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በኦንላይን ማሳየትም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ፌስቲቫል ቀንና ሰዓት ቆርጦ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያይ ያደርጋል፣ ከዚያ ከዳይሬክተሩ ጋር በቪዲዮ ጥያቄና መልስ ያካሂዳል። ሌላው ፊልሞቹን ለሳምንት ክፍት ይተዋቸዋል። ትኬት የሚሸጥና ከተወሰነ አገር ውጭ እንዳይከፈት የሚዘጋም አለ። የመጨረሻው ዓይነት ለማንም ምንም አያሳይም፤ የአሸናፊዎችን ስም ብቻ ይለጥፋል። ስለዚህኛው በኋላ እናገራለሁ።

እንደ ወጣታችን ያለው ፊልም ሠሪ አማተር ይባላል፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ ንቀት ይሰማበታል። የቃሉ ሥር ግን "ወዳጅ" ማለት ነው፤ ለእንጀራው ሳይሆን ወዶ የሚሠራ ሰው። ኮዳክ በ1923 የ16 ሚሊ ሜትር፣ በ1932 ደግሞ ከዚያ የረከሰውን የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ለገበያ ሲያቀርብ በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሙም መምህሩም ባለሱቁም ካሜራ ያዘ። ፊልም የሠራ ሰው ተመልካች መፈለጉ አይቀርምና በ1931 ብራስልስ ላይ ዓለም አቀፍ የአማተር ፊልም ውድድር ተካሄደ። ከዚያ የበቀለው ዩኒካ የተባለው ማኅበር ፌስቲቫሉን ከአገር አገር እያዘዋወረ ያዘጋጃል። በዩኒካ እኔን የሚማርከኝ ሜዳሊያው አይደለም። ዳኞቹ ስለ ፊልሞቹ የሚወያዩት በር ዘግተው ሳይሆን በተመልካቹና በፊልም ሠሪው ፊት ነው። ቢያፍ የተባለው የብሪታንያ የአማተር ፌስቲቫልም ለተወዳዳሪዎቹ የዳኞችን አስተያየት በጽሑፍ ይልካል።

ጀማሪ ከፌስቲቫል ሊፈልገው የሚገባው ይህንን ነው። ከዋንጫው ይልቅ ምላሽ ያስፈልገዋል። የጽሑፍ አስተያየት በኢሜይልም ይመጣል፣ አዳራሽ አይጠይቅም። ስለዚህ አንድን ፌስቲቫል ከመመዘናችን በፊት የምንጠይቀው "ስለ ፊልሜ ምን ይነግረኛል?" ብለን ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን አንዳንድ የኦንላይን ፌስቲቫል ከአንዳንድ የአዳራሽ ፌስቲቫል ይሻላል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ዕይታ በአዳራሽ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን እገልጻለሁ።

ሁለቱ መንገዶች በግልጽ የተፈተኑት በ2020 ነው። ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት የተባለው የቴክሳስ ፌስቲቫል ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የኦስቲን ከተማ አስተዳደር በኮሮና ምክንያት ሰረዘው። አማዞን "ፊልሞቹን ለ10 ቀን በአሜሪካ ውስጥ በነጻ ላሳይ፣ ለፊልም ሠሪዎቹም እከፍላለሁ" የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለፌስቲቫሉ ከተመረጡት ከ100 የሚበልጡ ፊልሞች ውስጥ እሺ ያሉት 39 ብቻ ነበሩ። ሙሉ ርዝመት ያላቸው ፊልሞች ባለቤቶች አብዛኞቹ ቀሩ፤ ከመጡት የሚበዙት አጫጭር ፊልሞች ናቸው። ነገሩ የሚገባ ነው። ፊልሙ አንዴ በየቤቱ በነጻ ከታየ አከፋፋይ ላይገዛው ይችላል፤ "መጀመሪያ እኔ ጋ ካልታየ" የሚል ሌላ ፌስቲቫልም ይመልሰዋል። የአጭር ፊልም ባለቤት ግን የሚሸጠው ነገር እምብዛም ስለሌለው የሚያጣው ያንሳል። በዚያው ዓመት ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ካን፣ ቬኒስና በርሊንን ጨምሮ 21 ፌስቲቫሎች ተባብረው ለ10 ቀን በዩቲዩብ በነጻ ፊልም አሳዩ። ኢንተርኔት ያለው ሁሉ፣ ቀበናም ይሁን ጎንደር፣ ከካን ሰዎች ጋር አንድ ፕሮግራም የማየት ዕድል አገኘ።

በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ባብዛኛው ወደ ኦንላይን ዞረ። የዳይሬክተር ጄሲካ በሽር "ፋያ ዳዪ" የተመረቀው በዚያ ጊዜ ነው። ጫትንና የሐረርጌን ሰው ኑሮ የሚያሳይ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ወደ አሥር ዓመት የፈጀ ዘጋቢ ፊልም ነው። ጭስ፣ ጥላና ዝግታ የሞላበት፣ ትልቅ ስክሪን የሚወድ ሥራ ቢሆንም በብዙ ሰው ሳሎን ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ላይ ተጀመረ። አልተጎዳም። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ በሚካሄደው ቪዢዮን ዱ ሪኤል ዋናውን ሽልማት ወሰደ፣ ለኦስካርም በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ የመጨረሻዎቹ 15 ውስጥ ገባ። ይህን ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የጄሲካ አጭር ፊልም "ሐይራት" በ2017 በዚያው በሰንዳንስ፣ በአዳራሽ፣ ታይቶ ነበር። ኦንላይኑ የሠራላት ቀድሞ በሩን አንኳኩታ ገብታ የነበረች ባለሙያ ናት። ማንም የማያውቀው ጀማሪ ፊልሙን በሺህ ሊንኮች መካከል ሲያስቀምጥ ያው ዕድል አይጠብቀውም።

አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚሆን በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው። መብራቱ ይጠፋል። ፊልም ሠሪው ወደ ኋላ ረድፍ ይቀመጣል፤ የማያውቃቸው 40 ሰዎች ከፊቱ አሉ። የሳቀው ሰው ያለው እሱ "ያስቃል" ብሎ ባሰበበት ቦታ አይደለም፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ በፊት፣ አክስቱ በሩን ስትዘጋ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። ያ ትዕይንት መርዘሙን እዚያው ተረዳ። ጸጥታውም ዓይነት አለው። የተያዘ አዳራሽ ጸጥታና የሰለቸ አዳራሽ ጸጥታ ይለያያል፤ የመጀመሪያው ትንፋሽ የያዘ ነው፣ በሁለተኛው ውስጥ ወንበር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ሰው ያስላል፣ ቦርሳ ይከፈታል። ይህን ልዩነት ከዳኛ ነጥብ ማንበብ አይቻልም።

ድምፁ ሌላው ነው። ጀማሪ ኤዲት የሚያደርገው በጆሮ ማዳመጫ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ጥርት ብሎ የተሰማ ሹክሹክታ አዳራሹ ውስጥ ከጄኔሬተርና ከመንገድ ጩኸት ጋር ይታገላል፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል። ሌሊት የተቀረጸው ትዕይንትም እንዲሁ፤ በላፕቶፑ ላይ ያምር የነበረው ጨለማ በፕሮጀክተር ጭቃ ይመስላል። ይህ ሁሉ የሚያሳዝን ቢመስልም ከአንድ ወር ኮርስ የበለጠ ያስተምራል፤ ቀጣዩን ፊልም ሲቀርጽ ማይክራፎኑን የት እንደሚያስጠጋ አይረሳውም።

አገራችን ላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ "ቆንጆ ነው፣ በርታ" ይላል። ወንድምህን ወይም ጎረቤትህን ፊት ለፊት "አልወደድኩትም" ማለት ይከብዳልና ይህ አያስገርምም። አፍ በይሉኝታ ቢታሰርም ሰውነት አይታሰርም። ሳቁ፣ ማዛጋቱ፣ ወደ ፊት ማዘንበሉ እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ስክሪኑን ትቶ የተመልካቹን ጀርባ እንዲያይ ነው። በኦንላይን ግን ያለው አስተያየት ወይ የልብ ምልክት ነው ወይ ስድብ፤ መካከሉ ጠባብ ነው።

ለኦንላይን ወገን አንድ ነገር መመስከር ግን ግድ ነው። ዩቲዩብም ሆነ ቪሜዮ ተመልካች የትኛው ሰከንድ ላይ እንደሄደ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሰጣሉ። ግማሹ ሰው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከተወው ይህ ያለ ይሉኝታ የተነገረ እውነት ነው። የጎደለው ምክንያቱ ብቻ ነው። ሰልችቶት ይሁን፣ ዳታው አልቆ ይሁን፣ ሕፃን አልቅሶ ይሁን ሠንጠረዡ አይነግረንም።

ከፊልሙ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓትም የአዳራሽ ሀብት ነው። ኮሪደሩ ላይ አንዷ "ድምፅ እሠራለሁ፣ ቀጣዩን አብረን እንሥራ" ትላለች፤ ሌላው ካሜራ አለው፤ ሌላው የቀረጻ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። ወደ ቡና ይሄዳሉ። ገንዘብ የሌለው ፊልም የሚሠራው በእንዲህ ያለ ትውውቅ ነው፤ ተመልካች ጋ የሚደርሰውም በአዳራሽ ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ "ሳንኮፋ" የተባለውን ፊልም በ1993 ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አጣ። ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ ተመልካቹን በአዳራሽ ሰብስቦ አሳየ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021፣ ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የሚፈልገው ሰው የበዛው አስቀድሞ በየአዳራሹ ያዩት ሰዎች ስላወሩለት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ብዬ የኦንላይንን ጥቅም ብክድ ግን በብዙ ሰው ላይ መፍረድ ይሆንብኛል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ስለ አገሯ የተሠራ አጭር ፊልም ለማየት አዳራሽ ልትሄድ አትችልም፤ የዕረፍት ቀን የሌላት ብዙ ናት። የእሷ አዳራሽ ስልኳ ነው። እስራኤል ውስጥ ያደገውና አማርኛው የሳሳው ልጅ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናትም እንዲሁ። ለነዚህ ሰዎች ኦንላይን ምትክ አይደለም፣ ብቸኛው ወንበር ነው። ለዚህ ወንበር የሚሠራ ፊልም ሠሪ ግን ሰብታይትሉን በደንብ ማሰብ አለበት፤ በስልክ ስክሪን ላይ የሚነበብ ትልቅ ፊደል፣ የማይቸኩል። ሰዓትም ይታሰብ። ዋሽንግተን ላይ በአሜሪካ የሙቀት ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀመር የቀጥታ ጥያቄና መልስ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ቪዛም አለ። ፌስቲቫል መጋበዝ ክብር ነው፤ መድረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ፣ የአሜሪካው የጎብኚ ቪዛ ከ2023 ጀምሮ 185 ዶላር ያስከፍላል፤ ቢከለከልም አይመለስም። ትኬቱና ማደሪያው ሳይጨመር ነው። ፊልሙ በርሊን ተጋብዞ ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ ጊዜ ፊልሙ በአዳራሽ እየታየ ዳይሬክተሩ በቪዲዮ ጥያቄ የሚመልስበት ድብልቅ አሠራር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ፌስቲቫሎች ከኮሮና በኋላ ይህን ባይተዉት እመኛለሁ።

ስለ ገንዘቡና ስለ ኔትወርኩ በቁጥር እንናገር። የ10 ደቂቃ ፊልም በተለመደው ኤችዲ፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሬንደር ሲደረግ 750 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ፌስቲቫሉ ለትልቅ ስክሪን የሚሆን የፕሮሬስ ፋይል ከጠየቀ ግን ያው ፊልም 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፣ መስመሩ ካልተቋረጠ ወደ 6 ሰዓት ይፈልጋል። መስመሩም ሊቋረጥ ይችላል፤ በ2020 ከጁን 30 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ማስገቢያው የሚዘጋበትን ቀን መጠበቅ አደጋ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መላክ ብልህነት ነው።

የማመልከቻ ክፍያው በዶላር ነው። 30 ዶላር የሚያስከፍል ፌስቲቫል በጁላይ 2024 የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 1,700 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሥር ቦታ የሚያመለክት ልጅ 300 ዶላር አወጣ ማለት ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ትግል ሆኖ። በዚህ ብር ማይክራፎን ይገዛል። ክፍያ የማይጠይቁና ለአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ክፍያውን የሚተዉ ፌስቲቫሎች አሉ። በትሕትና ኢሜይል ጽፎ "ክፍያውን መተው ትችላላችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እሺ የሚሉ አሉ።

አሁን ቀደም ሲል ወዳቆየሁት ዓይነት ልምጣ። በየወሩ "ፌስቲቫል" የሚያካሂዱ፣ 50 እና 60 የሽልማት ዘርፍ ያላቸው፣ ለማንም ሰው አንድ ፊልም የማያሳዩ ድረ ገጾች አሉ። የሚሸጡት በፖስተር ላይ የሚለጠፈውን የቅጠል አክሊል ምልክት ነው። ፊልሙ "ያሸንፋል"፤ ከዚያ ዋንጫው እንዲላክ 150 ዶላር ይጠየቃል። ልጁ ደስ ብሎት ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ ዘመድ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ፊልሙን ግን ማንም አላየውም። ይህ ያናድደኛል፤ የሚዘረፈው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጁ ተስፋ ነውና። መለየቱ ከባድ አይደለም። የት እና በስንት ሰዓት እንደሚያሳዩ ይጠየቁ። ባለፈው ዓመት የታዩትን ፊልሞች ፕሮግራም ያሳዩ። የዳኞቹ ስም ይታወቅ። አሸናፊ ገንዘብ የሚከፍልበት ቦታ ከሆነ ሱቅ እንጂ ፌስቲቫል አይደለም።

ሌላው መጠንቀቂያ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ከለጠፉት በኋላ አንዳንድ ፌስቲቫሎች አይቀበሉትም። የኦስካር የአጭር ፊልም ውድድር፣ ከ40 ደቂቃ ላልበለጠ ሥራ የሚሆነው፣ ብቁ ከመሆኑ በፊት በኢንተርኔት ለሕዝብ የወጣን ፊልም አይወስድም። ኦስካር ለጀማሪው ሩቅ ቢሆንም በር በከንቱ አይዘጋም። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊንክ ግን እንደ መውጣት አይቆጠርም፤ ለመራጮች የሚላከውም እሱ ነው።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የምለው ይህን ነው። ፊልሙ መጀመሪያ በአቅራቢያው ባለ አዳራሽ ይመረቅ፤ ሠላሳ ወንበር ይበቃል፣ የትምህርት ቤት ክፍልም ይሆናል። ከዚያ ያየውንና የሰማውን ይዞ ኤዲቱን ያስተካክል። የተስተካከለውን ፊልም ምላሽ ለሚሰጡ ሦስት ወይም አራት ፌስቲቫሎች ይላክ፤ ዘጋቢ ፊልም ለሠራ አዲስ አበባ ውስጥም ከ2007 ጀምሮ ዘጋቢ ፊልሞችን የሚያሳየውን አዲስ ኢንተርናሽናል ፊልም ፌስቲቫልን የመሰለ አለ። የፌስቲቫሉ ዘመን ሲያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለሁሉም በኦንላይን ይልቀቀው፤ ሪያድ ያለችውም እህት ያን ጊዜ ትየው።

ችግሩ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ለሊንክ ቦታ ሞልቷል፤ ለሠላሳ ሰው አዳራሽ የሚፈቅድ ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ ሲኒማ ቤትና የባህል ማዕከል የምታስተዳድሩ ሰዎች ሆይ፣ ተመልካች ከሚያጥርባችሁ ምሽቶች ውስጥ በወር አንዷን ለጀማሪዎች ስጡ። ኪራይ ቀንሱላቸው፣ ቢቻል ተዉላቸው፣ ፕሮጀክተሩንም አብሩላቸው።